ስሙም ቆዳውም ለሌላ

ቁንጅና ዕዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዛሬ የምናወጋችሁ በቁንጅናው ስለተፈረደበት አንድ የዱር ድመት ነው፤ ኦሴሎት ይባላል። እኛ አገር የለም። መኖሪያው ከቴክሳስ ደቡባዊ ጫፍ ጀምሮ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ድረስ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልን።)

መጀመሪያ ስሙን እንይ። አዝቴኮች በናዋትል ቋንቋቸው «ኦሴሎትል» የሚሉት ትልቁን ጃጓር ነበር፤ ስመ ጥር ተዋጊዎቻቸውም በዚሁ አውሬ ስም ይጠሩ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ግን ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቡፎን ስሙን ለትንሹ ድመት ሰጠው። ስህተቱም በዚያው ጸና።

ኑሮውስ? ክብደቱ ከ8 እስከ 15 ኪሎ ገደማ ነው። ቀን ጥሻ ውስጥ ወይም ዛፍ ላይ አርፎ ይውልና ሌሊት ብቻውን አይጥ፣ ጥንቸልና ወፍ ያድናል። ዛፍ ይወጣል፣ ዋናም ይችላል። ግዛቱን የሚያጥረው በሽንቱ ነው። የቆዳው ዝንጉርጉር እንደ ጣት አሻራ ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል፤ ተመራማሪዎች በጫካ ካሜራ አንዱን ከሌላው የሚለዩትም በዚሁ ነው። እናቲቱ 80 ቀን ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ግልገሉም ከዓመት በላይ ከሥሯ አይጠፋም።

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልን።

በ1960ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች የዝንጉርጉር አውሬ ካፖርት መልበስ የዘመናይነት ምልክት ሆነ። ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊማ «ባቡ» የተባለ ኦሴሎት በሕይወቱ እያስከተለ ይታይ ነበር። በአሥርቱ ዓመት መጨረሻ ላይ በዓመት ከ100 ሺህ በላይ የኦሴሎት ቆዳ ለገበያ ይቀርብ ነበር። አንድ አንድ እየወለደ ይህን ሁሉ ማን ይተካል?

ብራዚል በ1967 የዱር እንስሳትን ለንግድ ማደንን ከለከለች። አሜሪካ በ1972 ኦሴሎትን ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ አስገባችው። በ1975 ሥራ ላይ የዋለው ሳይቲስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ዛሬ ቆዳው ለንግድ ድንበር እንዳይሻገር ያግዳል። ገበያው ሲዘጋ ድመቱ ተነፈሰ። በአጠቃላይ ሲታይ አሁን የመጥፋት ስጋት ያንዣበበበት እንስሳ አይደለም። በአሜሪካ ግን የቀሩት ከ100 ያነሱ እንደሆኑ ይገመታል፤ ከጥይት የተረፉትን ደግሞ አስፋልት ላይ መኪና ይጨርሳቸዋል።

እኛን የከነከነን ይህ ነው፤ አዳኙ ጫካ ገባ እንጂ የላከው ከተማ ነበር። ያቺን ካፖርት የለበሰች እመቤት አንድም ጥይት አልተኮሰችም። እኛም የከተማ ልጆች ነን፤ «ፋሽን ነው» ብለን የምንገዛው ነገር ከየት እንደመጣ መጠየቅ ሊቀድም ይገባል።

እስከምንገናኝ ሰላም ሁኑልን።