ጆሮ የሚወጋ ቀጭን ድምፅ፦ ባለ ከፍተኛ ኦም ማዳመጫና የማጉያ አመራረጥ

ወልድያ፦ «ዘሩን ለጎረቤቱ ሰጠ» እና «ዘሩን ለጎረቤቱ ሸጠ» በሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ብቻ ናት። በጽሑፍ ላይ ፊደሏ በዓይን ትለያለች፤ በሬዲዮ ግን የምትለየው በቀጭኑ የድምፅ ክፍል ነው። የ«ሽ» ጉልበት ከ2 ሺህ 500 ኸርዝ አካባቢ ሲጀምር፣ የ«ስ» ጉልበት ግን በአብዛኛው ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ይገኛል። ቀጭኑ ድምፅ ያለ ልክ ሲቀነስ የሰጠውና የሸጠው ሰው መመሳሰል ይጀምራሉ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ጉዳዩን የተረዳው በራሱ ስህተት ነው። በሀብሩ ወረዳ መርሳ አካባቢ የተቀዳ የአንድ አርሶ አደር ቃለ መጠይቅ ወልድያ ላይ በባለ 250 ኦም ማዳመጫ ሲስተካከል፣ «ስ»፣ «ጽ» እና «ጭ» ጆሮ ይወጉ ነበር። መፍትሔ መስሎ የታየው ከቅጂው ላይ ቀጭኑን ድምፅ መቀነስ ሆነ። ያው ቅጂ በትንሽ የእጅ ሬዲዮ ሲደመጥ ግን ቃላቱ ታፍነው ወጡ። ለካስ የአርሶ አደሩ ድምፅ እንከን አልነበረበትም፤ ጆሮ የወጋው የማዳመጫው ጠባይ ነበር።

እንዲህ ያሉ ማዳመጫዎች ዛሬ በጋዜጠኞች እጅ ብቻ የሚገኙ አይደሉም። መዝሙርና መንዙማ የሚቀዱ፣ ሠርግ የሚቀርጹ፣ ማሲንቆና ክራር በቤታቸው የሚያዳምጡ ወጣቶችም ይገለገሉባቸዋል። ከሀብሩ አጎራባች በሆነው የአምባሰል ምድር ስም የተጠራው የአምባሰል ቅኝት በማሲንቆ ሲወርድ የጭራው ፍትጊያ ደስ የሚለው በልኩ ሲሰማ ነው። ልኩን ሲያልፍ ጆሮ ያደክማል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ውድ ማጉያ ለመግዛት ይነሳሉ። ከዚህ በታች እንደሚታየው ግን ማጉያው ችግሩን የሚፈታው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው።

ከፍተኛ ኦም ሲባል

ኦም አንድ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚገታ የሚለካበት አሐድ ነው። ለስልክ ታስበው የሚሠሩ ማዳመጫዎች ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 32 ኦም አላቸው። ለስቱዲዮ ከሚሠሩት መካከል የጀርመኑ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ እና ዲቲ 990 ፕሮ በ250 ኦም፣ የሰንሃይዘር ኤችዲ 600 በ300 ኦም ይታወቃሉ። እስከ 600 ኦም የሚደርሱም አሉ።

ኦሙ ከፍ የሚለው በማዳመጫው ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ እጅግ ቀጭን ስለሚሆንና ብዙ ዙር ስለሚጠመጠም ነው። ይህ ለስቱዲዮ ሥራ ይመቻል፤ አራት ባለ 250 ኦም ማዳመጫዎች ጎን ለጎን በአንድ ማጉያ ላይ ቢሰኩ ማጉያው የሚያየው 62.5 ኦም ነው፤ ይህም ሸክሙን አያከብደውም።

በጊራና ሸለቆ መስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሰፊ ቱቦ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ቀጭን ቱቦ ግን ውኃው ጥቂት ሆኖ ግፊቱ ጠንካራ እንዲሆን ይሻል። በኤሌክትሪክ ዓለም ግፊቱ ቮልት፣ የውኃው መጠን አምፒር ነው። ባለ ከፍተኛ ኦም ማዳመጫ የሚጠይቀው ቮልት ነው።

ድምፁ ጆሮ የሚወጋው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት የማዳመጫው የራሱ ቅኝት ነው። ዲቲ 990 ፕሮ በ8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ጎላ ያለ ጉብታ አለው። በኦም መጠን የሚቀራረበው ኤችዲ 600 ግን በዚያ አካባቢ ለዘብ ያለ ነው። ስለዚህ ኦም ራሱ ድምፅን አያሾልም።

ሁለተኛው የአድማጩ ጆሮ ነው። የጆሮ ቅርጽና የቦይ ርዝመት ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንዱን የሚወጋው ድምፅ ሌላውን ላይወጋ ይችላል።

ሦስተኛው የትራሱ ሁኔታ ነው። በመርሳ ሙቀት ላብና አቧራ የጠገበ፣ የተጨፈለቀ ወይም የተሰነጠቀ ትራስ ጆሮን በደንብ አይገጥምም። በክፍተቱ ወፍራሙ ድምፅ ሲያመልጥ ቀጭኑ ብቻውን ጎልቶ ይቀራል።

አራተኛው ቅጂው ነው። ማይክሮፎን ለአፍ በጣም ቀርቦ የተቀዳ ንግግር፣ በዝቅተኛ መጠን የታመቀ የኤምፒ3 ፋይል፣ ከልክ በላይ ጎልቶ የተዘጋጀ ዘፈን በማንኛውም መሣሪያ ይሻክራል።

አምስተኛው የማጉያው አቅም ማነስ ነው። ማጉያ ከሚችለው በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍና ጫፉን ይቆርጠዋል፤ ከተቆረጠው ሞገድም በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ሻካራ ድምፆች ይፈጠራሉ። አዲስ ማጉያ መግዛት በእርግጥ መፍትሔ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ምክንያቱን ለመለየት

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ቀላል ሙከራዎችን ያድርጉ። በመጀመሪያ ድምፁን በግማሽ ይቀንሱ። ሻካራነቱ ከአንድ የድምፅ ከፍታ በታች ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ማጉያው እየቆረጠ ነው ማለት ነው። በዝቅተኛ ድምፅም «ስ» እና «ጽ» መውጋታቸውን ከቀጠሉ ጥፋቱ የማዳመጫው ወይም የቅጂው ነው።

ቀጥሎ ያንኑ ቅጂ በሌላ ማዳመጫ ወይም በመኪና ቴፕ ያዳምጡ። እዚያም የሚወጋ ከሆነ ችግሩ ቅጂው ላይ ነው፤ እዚያ ለስላሳ ከሆነ ማዳመጫው ላይ ነው።

የማስተካከያ ቅደም ተከተል

ትራሱን ይመልከቱ። ያረጀ ከሆነ ለዚያው ሞዴል በተሠራ አዲስ ትራስ ይለውጡት። የሌላ ሞዴል ትራስ ጆሮን ከድምፅ ማውጫው የሚያርቅበት ወይም የሚያቀርብበት መጠን ስለሚለያይ ድምፁን ባልታሰበ መንገድ ሊለውጠው ይችላል።

ኢኳላይዘር ይጠቀሙ። ይህ ከሁሉም ርካሹና ፍቱኑ መንገድ ነው። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የተባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። ከ8 ሺህ ኸርዝ ላይ 3 ዴሲቤል በመቀነስ ይጀምሩ፤ ካልበቃ እስከ 6 ዴሲቤል ይቀንሱ። የሚቀነሰው ክፍል ጠባብ መሆን አለበት፤ ከ4 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ሁሉ ዝቅ ማድረግ «ስ»ን ከእነሕይወቷ ይቀብራታል።

የሚወጋዎትን ቦታ በትክክል ለማግኘት አንድ ዘዴ አለ። ነጠላ ድምፅ የሚያወጣ የስልክ መተግበሪያ ይክፈቱ፤ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርገው ከ4 ሺህ እስከ 10 ሺህ ኸርዝ ቀስ እያሉ ይውጡ። ድምፁ በድንገት ጎልቶ የሚሰማዎት ቁጥር ላይ ሲደርሱ ይመዝግቡት። መቀነስ ያለብዎት እዚያ ላይ ነው።

ኢኳላይዘር ለማይገኝበት መሣሪያ አንዳንድ ተጠቃሚዎች ከትራሱ ሥር በድምፅ ማውጫው ፊት አንድ ንብርብር ስስ የሶፍት ወረቀት ያነጥፋሉ። ቀጭኑን ድምፅ በጥቂቱ ይመጥጣል፤ ካልወደዱትም ይነሳል። ወረቀቱ የሚንቀጠቀጠውን ስስ ሽፋን ፈጽሞ መንካት የለበትም።

«ማዳመጫ ሲቆይ ይለሰልሳል» የሚለው አባባል በከፊል እውነት ነው። በአብዛኛው ግን የሚለሰልሰው ትራሱ፣ የሚለምደውም ጆሮ ነው። ለተለመደ ነገር ደግሞ ጆሮ ጥሩ ዳኛ አይደለም።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ድምፅ የሚያዘጋጅ ሰው ኢኳላይዘሩን የሚያኖረው በራሱ ማዳመጫ መንገድ ላይ እንጂ በቅጂው ላይ መሆን የለበትም። የማዳመጫን ጠባይ በቅጂው ላይ ማረም የአድማጩን ድምፅ መንጠቅ ነው።

ማጉያ ሲመርጡ

የመጀመሪያው መመዘኛ ቮልት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል የሚሰጥ ባለ 250 ኦም ማዳመጫ 1 ሚሊዋት ለማግኘት 0.5 ቮልት ይፈልጋል። በሙዚቃ ውስጥ ድንገት ለሚነሱ ከፍታዎች 110 ዴሲቤል ይበቃል ብንል 25 ሚሊዋት፣ ማለትም 2.5 ቮልት ያስፈልገዋል። ፍሰቱ ግን 10 ሚሊ አምፒር ብቻ ነው። ተመሳሳይ ስሜት ያለው ባለ 32 ኦም ማዳመጫ ለዚያው ከፍታ 0.9 ቮልትና 28 ሚሊ አምፒር ይበቃዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። 1 ቮልት ብቻ የሚያወጣ ስልክ ይህን ባለ 250 ኦም ማዳመጫ ከ102 ዴሲቤል በላይ አያወጣውም፤ ለንግግር ይበቃል፣ ዝግ ብሎ ለተቀዳ ሙዚቃ ግን ላይበቃ ይችላል። በሌላ በኩል 2.5 ወይም 3 ቮልት በንጽሕና የሚሰጥ አነስተኛ ማጉያ ሥራውን ይጨርሳል። በሳጥኑ ላይ ዋት ብቻ ከተጻፈ በስንት ኦም እንደተለካ ይመልከቱ፤ በ32 ኦም ላይ የተጻፈ ትልቅ ዋት በ250 ኦም ላይ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መመዘኛ የማጉያው የራሱ የውጤት ኦም ነው። ከማዳመጫው ኦም አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለ250 ኦም ማዳመጫ እስከ 30 ኦም ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ማዳመጫው ኦሙ ከፍ በሚልበት በወፍራሙ ድምፅ አካባቢ በመጠኑ ጎልቶ ይሰማል። «ባለ አምፖል ማጉያ ድምፅ ያለሰልሳል» ለሚለው ወሬ አንዱ መነሻ ይህ ነው። ለውጡ ብዙውን ጊዜ 1 ዴሲቤል አካባቢ ስለሆነ የ8 ሺህ ኸርዙን ጉብታ አያስተካክለውም። በኢኳላይዘር በነጻ የሚገኘውን ለውጥ በብዙ ብር መግዛት ብልኅነት አይደለም።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው ማጉያ በተለይ ከአሜሪካ ከመጣ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ አገር መስመር ግን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ወይም 220 ቮልትን የሚያካትት ጽሑፍ ከሌለ ሶኬት ላይ አይሰኩት፤ ሊቃጠል ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢና ለመስክ ሥራ በስልክ ወይም በላፕቶፕ ዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ ይመረጣል። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ከመስመር የሚመጣው የ«እም…» ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

የጆሮ ጤና

የተሻለ ማጉያ ከፍ ያለ ድምፅ ያወጣል፤ አደጋውም ከዚያ ይመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት 40 ሰዓት ማዳመጥ የሚቻልበትን ከፍታ 80 ዴሲቤል ብሎ አስቀምጧል። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5 ሰዓት ይሆናል። አዲስ ማጉያ ሲሰኩ መቆጣጠሪያውን መጀመሪያ እስከ ታች ይመልሱ፣ ከዚያ ማዳመጫውን ያጥልቁ። ካዳመጡ በኋላ ጆሮዎ ውስጥ ጭውታ የሚቀር ከሆነ ከፍታው ከልክ አልፏል፤ ጭውታው ካልለቀቀዎት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ማጠቃለያ

ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፤ ምክንያቱን መለየት፣ ትራሱን ማደስ፣ ጉብታውን በኢኳላይዘር መቀነስ፣ ቮልት ካነሰ ብቻ ማጉያ መግዛት። ለሌሎች ድምፅ የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምር፤ ሥራውን ከመላኩ በፊት ጎረቤት በሚያዳምጥባት ትንሽ ሬዲዮ ይስማው። ዘሩን የሰጠው አርሶ አደር «ሰጠ» ሲል በዚያች ሬዲዮ ላይ ጥርት ብሎ ከተሰማ ሥራው ተጠናቋል።