ጉርሻ ደመወዝ ሲሆን

አሜሪካ ውስጥ ሬስቶራንት በልቶ ቲፕ ሳይተዉ መውጣት ነውር ነው። ፓሪስ ላይ ግን የአስተናጋጁ ክፍያ በሕግ ዋጋው ውስጥ ስለተካተተ ማንም አይቀየምም። ልማዱ ወደ አሜሪካ የገባው እኮ ከአውሮፓ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

አንዱ መልስ ባቡር ውስጥ ይገኛል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የፑልማን ኩባንያ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን በመኝታ ፉርጎዎቹ አስተናጋጅነት ቀጠረ። ደመወዙ በጣም ዝቅተኛ ስለነበር ኑሯቸው በተሳፋሪው ጉርሻ ላይ ተንጠለጠለ። ሠራተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1925 ማኅበር መሥርተው፣ ከ12 ዓመት ትግል በኋላ የደመወዝ ጭማሪ ያለበት ውል አስፈረሙ።

ልማዱን ለማስቀረት የሞከሩም ነበሩ። የዋሽንግተን ግዛት በ1909 ቲፕን በሕግ ከለከለች፤ በ1913 ግን ሕጉን ሻረችው።

በ1966 ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ አሠሪዎች ጉርሻውን የዝቅተኛው ደመወዝ አካል አድርገው እንዲቆጥሩት ፈቀደ። ዛሬ በፌዴራል ደረጃ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 7.25 ዶላር ነው። ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ ግን አሠሪው ከኪሱ 2.13 ዶላር ቢከፍል ይበቃል፤ ቀሪውን ቲፑ ይሞላል፣ ካልሞላ አሠሪው ይጨምራል። 2.13 ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ከዚህ በላይ የሚያስከፍሉ ግዛቶችም አሉ።

እኛ ጉርሻ የምንለው ከጠገበ በላይ፣ በፍቅር የሚሰጠውን ነው። እዚያ ግን ጉርሻው ራሱ እንጀራው ሆኗል።