በገናና መሲንቆ አንድ መድረክ ላይ፦ የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ታሪክ

በገናና መሲንቆ በአንድ አገር ለዘመናት ሲኖሩ አብረው የተጫወቱበት ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። በገና በተለይ በዐቢይ ጾም፣ በዝግታ የሚደረደር የጸሎት መሣሪያ ነው። መሲንቆ የአዝማሪ ነው፤ ሠርግና ጠጅ ቤት ያውቀዋል። እምቢልታና መለከት የነጋሢና የመኳንንት ክብር የሚታወጅባቸው ነበሩ፤ ዋሽንት ደግሞ ከእረኛ ጋር በየሜዳው ይውላል። እያንዳንዱ የራሱ ተጫዋች፣ የራሱ ሰዓትና የራሱ አድማጭ ነበረው። እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ላይ ያስቀመጠው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው።

ከዚያ በፊት አዲስ አበባ የሙዚቃ ዓይነቶችን ማገናኘት ጀምራ ነበር፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የናስ መሣሪያዎች ባንድ አቋቋሙ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ በማዘጋጃ ቤት ባንድና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገሩን ዜማ ለትራምፔትና ለሳክስፎን በኖታ አቀናበረ። እዚህ ላይ መገናኛው ወረቀቱ ነበር። ዘፋኙና ነፊው አንዱ የሌላውን ሙዚቃ ጠንቅቆ ባያውቅም፣ አቀናባሪው በመካከል ሆኖ ያስታርቃቸዋል። ከ1935 ጀምሮ የነበረው የአገር ፍቅር ማኅበርም አዝማሪዎችን ወደ መድረክ አምጥቷል።

የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሥራች ሐሊም ኤል ዳብ በ1921 ካይሮ የተወለደ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓትን ድምፅ በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ፣ የተቀዳውን በመሣሪያ እየለዋወጠ አዲስ ሥራ አወጣበት፤ ይህም ከቀደምቶቹ የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ሥራዎች ይቆጠራል። በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ለማርታ ግራሃም የዳንስ ትርኢት ሙዚቃ ጻፈ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ከአማራ፣ ከትግራይ፣ ከኦሮሞ፣ ከወላይታና ከሌሎችም የተውጣጡ እስከ 30 የሚደርሱ ባህላዊ ሙዚቀኞችን በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል አሰባሰበ። ለቡድኑ ከጻፋቸው ድርሰቶች ይልቅ ይህ ማሰባሰቡ ሳይበልጥ አይቀርም።

ሰዎቹን ማሰባሰብ አንድ ነገር ነው፤ ድምፃቸውን ማስማማት ሌላ። አዝማሪ ብቻውን ሲጫወት መሲንቆውን ለራሱ ጉሮሮ እንዲመች አድርጎ ይቃኛል፤ ከሌላው መቃኛ ጋር መግጠም አያስፈልገውም። ዋሽንት ግን አንዴ ከተበሳ አይቃኝም። ስለዚህ ዋሽንት ነፊ ቁመታቸው የተለያየ በርከት ያሉ ዋሽንቶችን ይይዛል፤ አብረውት የሚጫወቱት ክራርና መሲንቆም በተመረጠው ዋሽንት ልክ ይቃኛሉ። የድምፁ ከፍታ ከተስማማ በኋላ ቅኝቱ ይቀራል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ። አሥሩ የበገና አውታሮች በሚነዝር ዝቅተኛ ድምፃቸው በከበሮና በመለከት መካከል እንዳይዋጡም ሌላው ድምፁን መቀነስ ነበረበት።

እምቢልታ ከሁሉም ይለያል። ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ ስለሌለው አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው። በልማድ ሦስት ነፊዎች ተራ እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየገባ ዜማውን ይሠሩታል። አብሮ መጫወትን በተመለከተ እምቢልታ ነፊዎች ከኦርኬስትራው መምህር ይልቅ ራሳቸው መምህር ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌሎቹ አንዱን ዜማ እንደየመሣሪያቸው ጠባይ እያስጌጡ በአንድነት ይሄዳሉ፤ ሥራውም የሚለመደው በአብዛኛው በጆሮ ነበር።

ኤል ዳብ በ1964 ሲሄድ ቡድኑን የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ የነበረው ጆን ኮ ለሁለት ዓመት ያህል መራው። ከ1966 ጀምሮ ኃላፊነቱ ወደ ተስፋዬ ለማ ዞረ። የኦርኬስትራው ረጅሙና ፍሬያማው ዘመን የእሱ ነው፤ የመሥራቹ የውጭ ዝና ግን ይህን ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል። በ1969 ከቡድኑ የተመረጡ ሙዚቀኞች ብሉ ናይል ግሩፕ በሚል ስም አሜሪካን ዞሩ፤ መሲንቆ ተምሮ በአማርኛ የሚዘፍነው ሌላው የሰላም ጓድ አባል ቻርልስ ሰተንም አብሯቸው ነበር። በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ቀርበዋል።

በዚያው ዘመን ሙላቱ አስታጥቄ ተቃራኒውን አቅጣጫ ያዘ። በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ ሲመለስ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ከጃዝ ሃርመኒና ከላቲን ምት ጋር አዋሐደ። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ በመጣ ጊዜም ሙላቱ ከኤሊንግተን ባንድ ጋር ሠርቷል። ሙላቱ ያገናኘው ኢትዮጵያን ከውጭው ዓለም ጋር ሲሆን፣ ኦርኬስትራው ያገናኘው ግን እርስ በርስ ብዙም የማይተዋወቁ የአገር ውስጥ ሙያተኞችን ነው።

ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1975፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ፈረሰ። ተስፋዬ ለማ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኪነ ጥበብና ባህል ማዕከልን መሠረተ፤ በ2013 አረፈ። የቡድኑ ቅጂዎች በ2007 በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች 23ኛ ቅጽ ሆነው ወጥተዋል። ክራር፣ መሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ተቀናጅተው መጫወታቸው ዛሬ በባህል ምግብ ቤቶችና በቴአትር ቤቶች የተለመደ ነው፤ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚይዝ ቤዝ ክራርም ተጨምሮላቸዋል። እምቢልታና መለከት በእነዚህ መድረኮች እምብዛም አይታዩም፤ በገናም በአብዛኛው ለመንፈሳዊ መዝሙር ይደረደራል።