በድማሚት የፈረሰው የተማሪዎች ቤት

ጁላይ 8 ቀን 1962፣ እሑድ ማለዳ ነው። (ከአንድ ቦታ በቀር ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) በራንጉን ከተማ፣ ከኢንያ ሐይቅ ወዲህ ያለውን ሰፈር ከእንቅልፉ ያባነነው ፍንዳታ ነበር። የበርማ ጦር በዩኒቨርሲቲው ግቢ የነበረውን የተማሪዎች ማኅበር ሕንፃ በድማሚት ናደው።

ቤት ማፍረስ ለመንግሥታት አዲስ ነገር አይደለም። መንገድ ለማውጣት ያፈርሳሉ፤ ባለቤቱን ለመቅጣትም ያፈርሳሉ። ተማሪ የሚሰበሰብበትን፣ የሚከራከርበትንና ጋዜጣ የሚያነብበትን ቤት እንደ ጠላት ምሽግ በፈንጂ ማንሳት ግን ‹‹ምን ቢፈሩ ነው?›› ያሰኛል።

የራንጉን ዩኒቨርሲቲ ከጥንስሱም ሰላም አልነበረውም። እንግሊዞች በ1920 ሲያቋቁሙት ልካቸው ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ነበሩ። ተማሪዎቹ ግን አዲሱ ሕግ የድኻውን ልጅ በር ላይ የሚያስቀር ነው ብለው፣ ዩኒቨርሲቲው በተመሠረተ በአምስተኛው ቀን ትምህርት አቆሙ። የዚያ አድማ መታሰቢያ ዛሬም በአገሪቱ ብሔራዊ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ማኅበሩ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ በ1930ዎቹ መባቻ ነው። ዓርማው ለጠብ የተነሣች ፒኮክ ነበረች። መጽሔታቸውንም ‹‹ኦዌይ›› አሉት፤ በበርማ ጆሮ የፒኮክ ጩኸት እንዲህ ነው የሚሰማው። እንግሊዞቹ ከእንዲህ ያለ ማኅበር የሚጠብቁት ጨዋ ተከራካሪ ነው። በክራቫት ቆሞ ‹‹ክቡር ሰብሳቢ›› እያለ የሚናገር፣ ሲጨርስም እጅ ተጨባብጦ ሻይ የሚጠጣ። ቤቱ ያወጣላቸው ግን ሌላ ነው።

በ1936 መጀመሪያ ኦዌይ ላይ ‹‹የሲኦል ውሻ ተፈትቷል›› የሚል ጽሑፍ ወጣ። የተነካው የዩኒቨርሲቲው ሹም ስለነበር አስተዳደሩ የጸሐፊውን ስም አምጡ አለ። አዘጋጁ የ21 ዓመት ወጣት፣ አውንግ ሳን ነበር። አልናገርም አለና ተባረረ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ኑም አስተዳደሩን በአደባባይ በመተቸቱ አብሮ ተባረረ። ፈተናው ደርሶ ሳለ ተማሪው ደብተሩን ዘግቶ ወጣ፤ ሽዌዳጎን ከሚባለው ታላቅ የቡድሃ ቤተ መቅደስም ሄዶ ሰፈረ። በመጨረሻ ያፈገፈገው አስተዳደሩ ነው።

ከዚያ በኋላ አውንግ ሳን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎም የበርማ ነፃነት አባት ሆነ፤ ነፃነቱ ሊደርስ ወራት ሲቀሩት በ1947 በጥይት ተገደለ። ኑ ደግሞ በጃንዋሪ 1948 የነፃዋ በርማ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ኡ ኑ ሆኑ። (‹‹ኡ›› እንደኛ ‹‹አቶ›› መሆኑ ነው።) ማርች 2 ቀን 1962 ኡ ኑን በመፈንቅለ መንግሥት ያወረዷቸው ጄኔራል ኔ ዊንም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሰው ናቸው። ሐኪም ለመሆን ገብተው፣ ፈተና ወድቀው፣ በ1931 ጥለው የወጡ።

‹‹ፈተና የወደቀ ተማሪ የትምህርት ቤቱን ቤት ናደ›› ብሎ መቀለድ ይቻላል። እኔ ግን ቀልዱ ነገሩን ያሳንሰዋል ባይ ነኝ። ኔ ዊን አውንግ ሳን ከመራቸው፣ በጃፓኖች ከሠለጠኑት ‹‹ሠላሳው ጓዶች›› አንዱ ነበሩ። ከዚያ ቤት ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ጠቡን የጫረው ትንሽ ነገር ነው፤ የበር ቁልፍ። አዲሱ አገዛዝ የተማሪዎች ማደሪያ በር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንዲቆለፍ አዘዘ። ጎልማሳ ሰው እንደ በግ ከመሸ አይዘጋበትም ያሉት ተማሪዎች ቅዳሜ ጁላይ 7 በግቢው ተሰልፈው ወጡ። ወታደር ገባ፤ ተኩስ ተከፈተ። መንግሥት የሞቱት አሥራ አምስት ግድም ናቸው አለ፤ በቦታው የነበሩት ከመቶ በላይ ይላሉ። በማግስቱ ማለዳ ሕንፃው ተደመሰሰ፤ ኔ ዊንም በራዲዮ ቀርበው ለሚቃወሟቸው ሁሉ ሰይፍን በሰይፍ፣ ጦርን በጦር እንመልሳለን ብለው ዛቱ። ዩኒቨርሲቲው ለወራት ተዘጋ።

ፍርስራሹ ተጠረገ፤ የቀረው ባዶ መሬት ነው። ጉዳዩ በዚህ ያለቀ ይመስል ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ግን ሬሳ መጣ።

የተባበሩት መንግሥታትን ለአሥር ዓመት በዋና ጸሐፊነት የመሩት ኡ ታንት፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1974 ኒውዮርክ ውስጥ አረፉ። እሳቸውም በወጣትነታቸው የተማሩት እዚያው ራንጉን ነው፤ የኡ ኑም የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ለኔ ዊን ይህ ወዳጅነት በቂ በደል ነበር። አስከሬኑ ራንጉን ሲደርስ የክብር ዘብ አልቆመም። አውሮፕላን ማረፊያ ሄደው የተቀበሉት አንድ ምክትል የትምህርት ሚኒስትር ሲሆኑ፣ በዚሁ ከሥራቸው ተባረሩ። ሳጥኑ የቀድሞ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ተቀመጠ። የዓለምን ትልቅ ወንበር ይዞ ለኖረ ሰው፣ የፈረስ ሜዳ!

ዲሴምበር 5፣ የቀብሩ ዕለት፣ ተማሪዎች ሳጥኑን ነጥቀው ወደ ግቢያቸው ወሰዱት። ለቅሶ ደራሹ በሺህ እየሆነ ይገባ ጀመር። የት ይቀበር ሲባል የመረጡት ያን ባዶ መሬት ነው፤ ሕንፃው የነበረበትን። እዚያው መቃብር ሠርተው ዲሴምበር 8 አሳረፏቸው። ዲሴምበር 11 ሌሊት ወታደሮች ግቢውን ሰብረው ገቡ፤ ሳጥኑን አውጥተው ሽዌዳጎን አጠገብ ቀበሩት። ከተማዋ በአመፅ ታመሰች፤ ወታደራዊ አስተዳደር ታወጀ።

ይህን ታሪክ ሳነብ አእምሮዬ ወደ ስድስት ኪሎ መሄዱ አልቀረም። ታኅሣሥ 1962፣ በእኛው አቆጣጠር፣ የተገደለውን የማኅበራቸውን ፕሬዚዳንት የጥላሁን ግዛውን አስከሬን ከሆስፒታል አውጥተው ግቢ ያስገቡት ተማሪዎች፣ ከራንጉኖቹ አምስት ዓመት ቀድመዋል። እዚህም ወታደር ተከትሎ ገብቷል። ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን የሰማ አይመስለኝም።

ወደ ራንጉን ልመለስ። በ1988 የተማሪው አመፅ ሲበረታ ኔ ዊን ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። በዚያው ዓመት ጁላይ 23 በተደረገው የስንብት ንግግር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያለፈውን የሕንፃውን ነገር አነሱ። ያፈረስኩት እኔ አይደለሁም አሉ፤ ጥፋቱን በቀድሞ ምክትላቸው በአውንግ ጂ ላይ ጣሉት። አውንግ ጂም እኔ አይደለሁም አሉ። የሰይፍና የጦሩን ዛቻ በራዲዮ የሰማ ሕዝብ ማንን ያምናል? መሪነቱን የተረከቡት ሴይን ልዊን ደግሞ በ1962 በተማሪው ላይ የተኮሰውን ጦር ያዘዙ መኮንን ነበሩ። ሥልጣን ላይ የቆዩት ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም።

ተማሪዎች ጁላይ 7ን ማሰብ አላቋረጡም። በ2012 አገሪቱ ተከፈተች፣ ለውጥ መጣ በሚባልበት ወቅት፣ ሃምሳኛውን ዓመት ሊያስቡ ተዘጋጁ። ዋዜማውን ሌሊት ፖሊስ እየዞረ ሃያ ያህል የተማሪ መሪዎችን ከየቤታቸው ለቀመ። ቀኑ ሲያልፍ ለቀቃቸው።