እንሰት ለምን አልተሰደደም?

ጉራጌ ያልደረሰበት የአገራችን ከተማ ካለ እስቲ ንገሩን! ከወልቂጤም ከቡታጅራም ተነሥቶ ስንቱን ገበያ አቅንቷል። ቆጮውም ተከትሎት አዲስ አበባ ገብቷል፤ ክትፎ ቤት የምንገናኝ ሁላችን ምስክር ነን። እንሰቱ ግን ጓሮ ቀረ። ለምን?

የዱር እንሰት እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል፤ አልምቶ ምግብ ያደረገው ግን የእኛ አገር ገበሬ ነው። ደግሞም ሁሌ ደቡብ ላይ ብቻ አልነበረም። በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በጣና አካባቢ ሰው ሲመገበው አይቶ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ከነሥዕሉ አስፍሮታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)።

ዛሬ ጥያቄው ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። ማክስኤንትን የመሰሉ ሶፍትዌሮች ተክሉ የተገኘባቸውን ቦታዎች፣ ሙቀቱንና ዝናቡን ተቀብለው «ሌላ የት ሊኖር ይችላል?» የሚለውን በካርታ ያሳያሉ። በ2022 ኢትዮጵያውያን ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን በዚህ ዓይነት ሞዴል አስልቶ፣ እንሰት የሚለማበት መሬት እስከ 12 እጥፍ ሊሰፋ እንደሚችል አሳይቷል። ደስ ይላል!

ይሁንና «መኖር ይችላል» እና «ይደርሳል» ለየቅል ናቸው። በ2009 የተዋወቀው ሚግክሊም ይህን ክፍተት ለመሙላት ዘር በየጊዜው ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቃል። የጓሮ እንሰት ታዲያ ምን ይመልስ? የሚራባው በዘር አይደለም። አምቾው ተቆርጦ ይቀበራል፣ ቡቃያው ይወጣል፣ ተነጥሎ ይተከላል። ርቀቱ የሰው እግር ነው። ችግኙ ብቻውን ቢሄድም ዋጋ የለውም፤ የሚፍቁት፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚያብላሉት እናቶች እውቀት አብሮ ካልሄደ ቆጮ አይሆንም።

በሽታው ግን ቀድሞታል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እንሰት ላይ የገለጹት አጠውልግ በሽታ በ2001 ዩጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ተገኘ። ለባክቴሪያው ያልጸዳ ቢላ ይበቃዋል፤ እውቀት አያስፈልገውም።

እንግዲህ ሥጋታችን ይኸው ነው። ሶፍትዌሩን መክፈት የምንችል እኛ መፋቅ አንችልም፤ መፋቅ የሚችሉት እያረጁ ነው። በዓል ለማክበር አገር ቤት ስንወርድ ቆጮውን በልተን ብቻ አንመለስ፤ ጓሮ ወርደን እንጠይቅ። የሚያውቅ እጅ ካለቀ 12 እጥፉ መሬት ካርታ ላይ ይቀራል።