ስለ ሊነክስ ማደስና ትርፍ ሶፍትዌር ስለ ማስወገድ
ሊነክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የፊንላንዱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ለዐማርኛ ጸሐፊ ግን ዋናው ዓመት 1999 ነው፤ ፊደላችን በዩኒኮድ የገባውም፣ አፕት የተባለው የሶፍትዌር መጫኛና ማስወገጃ ከዴቢያን 2.1 ጋራ የወጣውም በዚሁ ዓመት ነውና። ቀድሞ የዐማርኛ ሶፍትዌሮች በየራሳቸው ኮድ ይጽፉ ስለ ነበር የአንዱ ጽሑፍ በሌላው አይነበብም ነበር።

አፕት መጀመሪያ የፓኬጆችን ዝርዝር ብቻ ያድሳል፤ ፓኬጆቹን የሚያወርደው ሌላ ትእዛዝ ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር የሞባይል ጥቅል እየገዛ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት የገንዘብ ልዩነት ነው።

ትርፉን ራሱ ለይቶ ማስወገድን አፕት ያገኘው ኋላ ነው። ትርፍ የሚለውም ሰው በስሙ ጠርቶ ያላስጫነውን፣ ሌላም ፓኬጅ የማይፈልገውን ነው፤ ሰው ይጠቀምበት እንደ ሆነ አይመረምርም። እኛም በፍኖተ ሰላም ባየነው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ፣ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ዝርዝሩ ሳይነበብ «አዎ» በመባሉ የዐማርኛ መጻፊያው ዐብሮ ጠፍቶ ነበር። የተማሪዎቹ ጽሑፍ ይነበባል፤ ለማረም ግን አንድ ፊደል አይጻፍም። ለመመለስ ጥቅል መግዛት ግድ ሆነ። በዚህ ጊዜ መጻፊያው በስሙ ተጠርቶ ስለ ተጫነ አፕት ከትርፍ አይቈጥረውም።