የኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና መድኃኒቶች

ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይንና ሄሮይን ኦፒዮይድ ከሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ወገን ናቸው። ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ቅርቡ ግን ከዚሁ ወገን የሆነው ትራማዶል ነው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሲወሰድ ሱስ ያስይዛል፣ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ እንደ ሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና የሚውሉትን ሜታዶንንና ቡፕረኖርፊንን እ.ኤ.አ. በ2005 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷል። ሁለቱም የሱሱን ጥማት ያስታግሳሉ። ሜታዶን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ እጅግ አደገኛዎቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። መጠኑን የሚጨምረው ሐኪሙ ብቻ ነው። ቡፕረኖርፊን የሚጀመረው ኦፒዮይዱን በማቋረጥ የሚመጣው ሕመም ከታየ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተወሰደ ሕመሙን ያባብሳል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የሜታዶንን ኃይል ያዳክማል፤ የሳንባ ነቀርሳ በብዛት በሚታይባት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሜታዶንን ወይም ቡፕረኖርፊንን ከአልኮል ወይም እንደ ዳያዘፓም ካለ ማረጋጊያ መድኃኒት ጋር መቀላቀል ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ኦፒዮይድን ለጥቂት ጊዜ አቋርጦ ወደ ቀድሞው መጠን መመለስም፣ ሰውነት መጠኑን መልመዱን ስለሚተው፣ ሊገድል ይችላል።

በከሚሴ ከተማና በተቀረው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚኖር ታካሚ ወይም ቤተሰቡ ትራማዶሉን በድንገት ከማቋረጥ ይልቅ ሳያፍር በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ይሂድ፤ ሐኪሙ መጠኑን በደረጃ ይቀንስለታል፣ ካስፈለገም ወደ ሥነ አእምሮ ሕክምና ይልከዋል።